ፓኬጁን የሚበላው ማን ነው? ብራውዘር ስንመርጥ ልናየው የሚገባ ነገር

ባለፈው እሁድ አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሳለ ስልኳን አቀበለችኝ። «ልጄ፣ እስቲ እየው። ጠዋት የሞላሁት ፓኬጅ አንድ ዜና እንኳ በወጉ ሳላነብበት አለቀ።»

ሌላ ፓኬጅ ሞላሁላትና ስታነበው የነበረውን ገጽ ከፈትኩት። ርዕሱ መጣ። ማንበብ ስጀምር ርዕሱ ወደ ታች ሸሸና በቦታው የጫማ ማስታወቂያ ገባ። ትንሽ ወረድ ስል ማንም ሳይነካው ቪዲዮ መጫወት ጀመረ። ቪዲዮውን ለመዝጋት ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ የኤክስ ምልክት ስነካ ሌላ ገጽ ተከፈተ። «ስልክዎ 4 ቫይረስ አለበት፣ አሁኑኑ ያጽዱ» ይላል በቀይ። አክስቴ ደንግጣ «አየኸው? ሲያስጨንቀኝ የከረመው ይሄ ነው» አለች።

ያንኑ ሊንክ ወደ ራሴ ስልክ ላኩት። ርዕስ፣ ፎቶ፣ ጽሑፍ። ሌላ ምንም የለም። የሁለታችንም ስልክ አንድሮይድ ነው። ሲማችንም የአንድ ድርጅት ነው። የሚለያየን ድረ ገጽ የምንከፍትበት አፕ፣ ማለትም ብራውዘሩ ብቻ ነው።

ስለ ብራውዘር ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ፍጥነት ነው። የግል መረጃ ጉዳይ ሲነሳ ደግሞ ብዙ ሰው «እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ይህን እላለሁ፦ በሜጋባይት ገዝቶ ለሚጠቀም ሰው የግል መረጃውና ፓኬጁ የሚፈሱት በአንድ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳውን የደፈነ ሁለቱንም ያተርፋል።

እንዴት እንደሆነ ላስረዳ። አንድ ገጽ ስንከፍት የምንገናኘው ከዚያ ድረ ገጽ ጋር ብቻ ይመስለናል። ነገሩ ግን ለአንድ እንግዳ በር ከፍታችሁ ከኋላው የማታውቋቸው ሃያ ሰዎች ተከታትለው ሲገቡ እንደማየት ነው። ገጹ ጽሑፉን ከራሱ ሰርቨር፣ ማለትም ከተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ያመጣል። ከዚያ የአንድ ማስታወቂያ ድርጅት ኮድ ይጠራል። ያ ኮድ ደግሞ ሌሎች ድርጅቶችን ይጠራል። የጎብኚ ቆጣሪው አለ፣ የፌስቡክ ኮድ አለ፣ የቪዲዮ ማጫወቻው አለ። እያንዳንዱ ሲወርድ ሂሳቡ ከእኛ ፓኬጅ ይቆረጣል። እያንዳንዱም ኩኪ የምትባል ትንሽ መለያ ብራውዘራችን ላይ ትቶ ሊሄድ ይችላል። ነገ ሌላ ድረ ገጽ ላይ ያው ድርጅት ሲያገኘን መለያዋን አይቶ ያውቀናል። ጫማ አንዴ አይታችሁ ጫማው ሳምንቱን ሙሉ የሚከተላችሁ በዚህ ምክንያት ነው።

ኩኪ ባይኖርም መለየት ይቻላል። ብራውዘሩ የስክሪናችንን መጠን፣ የስልኩን ዓይነት፣ የተጫኑ ፎንቶችን፣ የመረጥነውን ቋንቋ ለገጹ ይናገራል። ተደምረው እንደ ጣት አሻራ ይሆናሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ስልኩን በአማርኛ ያደረገ ሰው ብዙ ነው። ፍራንክፈርት ወይም ዴንቨር ተቀምጦ ብራውዘሩን በአማርኛ የሚጠቀም ሰው ግን ከሺዎች መሃል ቶሎ ይለያል። በውጭ የምትኖሩ ወገኖቼ ይህን ብታስቡበት ደስ ይለኛል።

አንባቢን እንዳላደናግር፣ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እኛ አገር ዳታ ቁጠባና የግል መረጃ መጀመሪያ የተገናኙት በተቃራኒ መንገድ ነበር። ኦፔራ ሚኒን ያልተጠቀመ የኔ ዘመን ሰው ያለ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2005 ሲወጣ ቁልፍ ባላቸው ስልኮች ላይ እንኳ ይሠራ ነበር። አሠራሩ ብልህ ነው። የፈለጋችሁትን ገጽ ስልካችሁ ራሱ አያመጣውም። የኦፔራ ሰርቨር ያመጣውና ጨምቆ፣ አሳንሶ ይልክላችኋል። በዚያ ዘመን ኔትወርክ ይህ ትልቅ ውለታ ነበር፤ ዛሬም አልረሳውም።

ግን ልብ በሉ። ማንበብ የማይችል ሰው ደብዳቤ ሲመጣለት ለጎረቤት ያስነብባል። ጎረቤቱ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል። ሆኖም ደብዳቤው ውስጥ ያለውን ሁሉ ያውቃል። ገጹ መሃል ላይ ተከፍቶ እንዲጨመቅ ከተፈለገ፣ መሃል ላይ ያለው ሰርቨር ማየት መቻል አለበት። ፓስወርድም የሚያልፈው በዚያው ነው። ኦፔራ ሚኒ ዛሬም «ኤክስትሪም» በሚባለው በጣም ቆጣቢ አሠራሩ ላይ ገጹን የሚያሳልፈው በሰርቨሩ ነው። ዜና ለማንበብ ችግር የለውም። ባንክ ለመግባት ግን አትጠቀሙበት።

ሌላው ብዙዎቻችን ስልክ ላይ የነበረው ዩሲ ብራውዘር ነው። በ2015 ሲትዝን ላብ የተባለው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ቡድን መርምሮት የስልክ መለያ ቁጥሮችንና የፍለጋ ቃላትን ያለ በቂ ምስጠራ እንደሚልክ አሳየ። መሃል መንገድ ላይ የተቀመጠ ሰው ሊያነባቸው ይችል ነበር ማለት ነው። ክሮምም ራሱ ላይት የሚባል የቁጠባ አሠራር ነበረው፤ ጉግል በ2022 ዘጋው።

ስለዚህ ለብዙ ዓመት ምርጫው «ወይ ፓኬጅህን፣ ወይ ምስጢርህን» የሚል ነበር። ዛሬ ይህ ተቀይሯል። ማስታወቂያውንና የሚከታተለንን ኮድ ከመውረዱ በፊት ስልኩ ራሱ የሚያስቆምበት መንገድ አለ። ያልወረደ ነገር ፓኬጅ አይበላም። ያልወረደ ኮድ አይከታተልም። መሃል ላይም ደብዳቤ አንባቢ የለም።

ይህን መንገድ የትኛው ብራውዘር ይሰጠናል? እዚህ ላይ የገንዘቡን ነገር ማንሳት ግድ ነው።

ፕሌይ ስቶር ላይ የብራውዘር ስም መዓት ነው። ከውስጥ ሆኖ ገጹን አዘጋጅቶ የሚያሳየን ሞተር ግን በዋናነት ሦስት ነው። ጉግል የሚመራው ክሮሚየም አለ። ክሮም፣ የማይክሮሶፍት ኤጅ፣ ኦፔራ፣ ብሬቭ፣ ቪቫልዲ፣ ሳምሰንግ ኢንተርኔት ሁሉም በዚህ ላይ የተሠሩ ናቸው። የአፕል ሳፋሪ በዌብኪት ይሠራል። ፋየርፎክስ ደግሞ ጌኮ የሚባል የራሱ ሞተር አለው። አይፎን ላይ ነገሩ ለየት ይላል። አፕል ሌላ ሞተር ስለማይፈቅድ፣ አይፎን ላይ ያለ ክሮምም ሆነ ፋየርፎክስ ከውስጥ ዌብኪት ነው። በ2024 የአውሮፓ ኅብረት ሕግ አስገድዶት ለኅብረቱ አገሮች፣ በ2025 መጨረሻ ደግሞ ለጃፓን በሩን ከፈተ። ስለዚህ ዱባይ ወይም ሪያድ ሆናችሁ አይፎን የምትጠቀሙ፣ ብራውዘር ስትቀያይሩ የምትቀይሩት ከሞተሩ በላይ ያለውን ነው።

ክሮምን የሚሠራው ጉግል ነው፤ ጉግል ደግሞ የሚኖረው በማስታወቂያ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በከሰሰበት የፍለጋ ሞኖፖሊ ጉዳይ ላይ የወጣው ቁጥር ያስደነግጣል። ጉግል ሰዎች ስልክና ብራውዘር ላይ ዝግጁ ሆኖ የሚያገኙት የፍለጋ ሞተር እንዲሆን በ2021 ብቻ ከ26 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፍሏል። ለአፕል ብቻ በ2022 የከፈለው 20 ቢሊዮን ዶላር ነው። ዳኛ አሚት ሜህታ በነሐሴ 2024 ጉግል ሕገወጥ ሞኖፖሊ እንደያዘ ወሰኑ። መንግሥት ክሮም እንዲሸጥ ጠይቆ ነበር። ዳኛው በመስከረም 2025 መሸጡን ባይቀበሉም፣ ተፎካካሪን የሚያስወጡ ውሎችን ከለከሉ። ይህን የማነሳው ለአንድ ነገር ነው። ስልኩ ላይ ዝግጁ ሆኖ የሚመጣ ነገር ይህን ያህል ገንዘብ የሚከፈልበት ሰው ስለማይቀይረው ነው። አክስቴ ክሮምን አልመረጠችም። ስልኩን ስትገዛ አብሮ መጣላት።

የኩኪውን ታሪክ ደግሞ እዩ። ሳፋሪ ከ2017 ጀምሮ በሚከታተሉን ኩኪዎች ላይ ሲያጠብቅ ቆይቶ በ2020 ሙሉ በሙሉ ዘጋቸው። ፋየርፎክስ በ2022 እያንዳንዱን ድረ ገጽ በየራሱ ሳጥን አስቀምጦ አንዱ የሌላውን ኩኪ እንዳያይ አደረገ። ጉግልም በ2020 «በሁለት ዓመት ውስጥ እናጠፋቸዋለን» አለ። ከዚያ ገፋው። እንደገና ገፋው። በ2024 ሐሳቡን እንደተወ ተናገረ። ዛሬ ክሮም ላይ እነዚህ ኩኪዎች እናንተ ሴቲንግ ገብታችሁ ካልዘጋችኋቸው ክፍት ናቸው። በማስታወቂያ የሚኖር ድርጅት በገዛ እጁ ገቢውን ይዘጋል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

ኢንኮግኒቶስ? ብዙ ሰው ጥቁሩን መስኮት ሲከፍት የተሰወረ ይመስለዋል። ኢንኮግኒቶ የሚሠራው አንድ ነገር ነው፦ ስትዘጉት ታሪኩና ኩኪው ከስልኩ ላይ ይጠፋል። ስልካችሁን ለሚነካ ሰው መደበቂያ ነው። ድረ ገጹ ያያችኋል፣ የኢንተርኔት አቅራቢው የገባችሁበትን አድራሻ ያያል፣ መሥሪያ ቤት ከሆናችሁ የመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ ያያል። አሜሪካ ውስጥ በ2020 በዚሁ ጉዳይ ክስ ቀርቦበት ጉግል በ2024 በቢሊዮን የሚቆጠር የተሰበሰበ መረጃ ለማጥፋት ተስማምቷል።

ወደ ፍሬ ነገሩ ልምጣ። አንድሮይድ ስልክ ላይ ያለው ክሮም ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ብራውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም፣ አይቀበልም። ማስታወቂያ ማገጃ ልጫን ብትሉ መጫኛ የለውም። ኮምፒውተር ላይ ይቀበላል። ሆኖም ጉግል የኤክስቴንሽን ሕጉን ቀይሮ፣ ከማገጃዎች ሁሉ የሚመሰገነውን ዩብሎክ ኦሪጅንን ከክሮም አስወጣው። ላይት የሚባለው ቀለል ያለ ወንድሙ ብቻ ቀረ። እርሱም ከምንም ይሻላል፤ አቅሙ ግን ያነሰ ነው።

ፋየርፎክስ ሙሉውን ዩብሎክ ኦሪጅን ዛሬም ይቀበላል፤ ስልክ ላይም ጭምር። ይህ ነው ለእኛ ሚዛኑን የሚደፋው። ፋየርፎክስን ከፕሌይ ስቶር ታወርዳላችሁ። ሦስቱን ነጥብ ነክታችሁ ኤክስቴንሽን የሚለው ውስጥ ትገባላችሁ። ዩብሎክ ኦሪጅንን ትጨምራላችሁ። ሌላ የምትነኩት ነገር የለም። ዩብሎክን የሚሠራው ሬይመንድ ሂል መዋጮ እንኳ አይቀበልም። እንዲህ ያለ ሰው መኖሩ ለእኔ ደስ የሚል ነገር ነው።

ፋየርፎክስን ግን መልአክ አላደርገውም። የሚሠራው ሞዚላ አብዛኛውን ገቢውን የሚያገኘው ከዚያው ከጉግል ነው፤ ጉግልን የመጀመሪያ የፍለጋ ሞተር አድርጎ በማስቀመጡ ይከፈለዋል። በየካቲት 2025 «መረጃችሁን አንሸጥም» የሚለውን የቆየ ቃሉን ከገጹ ላይ አንስቶ ብዙ ተጠቃሚ ተቆጥቶበታል። «ሽያጭ» የሚለው ቃል በየአገሩ ሕግ ትርጉሙ ስለሚለያይ ነው ብሎ አስረዳ፣ የውሉንም ቃል አሻሻለ። እኔ ከጫንኩ በኋላ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ የመረጃ መሰብሰቢያውን አጠፋሁና ቀጠልኩ። ሌላው ችግሩ አንዳንድ የአገራችን ድረ ገጾች በክሮም ብቻ ተሞክረው የሚለቀቁ መሆናቸው ነው። አንድ ጊዜ ቅጽ ሞልቼ «ላክ» የሚለው ቁልፍ ፋየርፎክስ ላይ አልታዘዝ ብሎኝ ክሮም ላይ እንደገና ከመጀመሪያው ሞልቻለሁ።

ምንም ሳይጨምር፣ እንደተጫነ እንዲያግድለት ለሚፈልግ ሰው ብሬቭ ጥሩ ነው። ማገጃው አብሮት የተሠራ ነው፤ አይፎን ላይም ይሠራል። ሞተሩ የክሮም ስለሆነ ክሮም ላይ የሚሠራ ድረ ገጽ እዚህም ይሠራል። ከመሥራቾቹ አንዱ ጃቫስክሪፕት የሚባለውን የድረ ገጽ ፕሮግራም ቋንቋ የፈጠረው ብሬንዳን አይክ ነው። ብሬቭም እንከን አለው። በ2020 ተጠቃሚው የክሪፕቶ (የዲጂታል ገንዘብ) መገበያያ አድራሻ ሲጽፍ ብሬቭ ገቢ የሚያገኝበትን ኮድ ከኋላ ሲጨምር ተገኝቶ ይቅርታ ጠይቋል። የክሪፕቶ ቁልፎቹ አሁንም አሉበት፤ ለማትፈልጉት ሴቲንግ ውስጥ ይጠፋሉ። ለእናትና ለአባት ስልክ የምጭነው ብዙ ጊዜ ብሬቭን ነው።

ቶር ብራውዘር የተለየ ጉዳይ ነው። መንገዱን በሦስት ኮምፒውተሮች ስለሚያዞረው ቀርፋፋ ነው። የሚጠቅመው ማንነቱ ቢታወቅ ለሚጎዳ ጋዜጠኛ ወይም ለዜና ምንጩ ነው። ለዕለት ተዕለት ዜና አያስፈልግም።

አሁን ብዙ ሰው የማያስተውለውን ልናገር። አብዛኞቻችን ሊንክ የምንከፍተው ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ውስጥ ነው። ሊንኩን ስንነካ ገጹ እዚያው አፑ ውስጥ ይከፈታል። ያ የመረጣችሁት ብራውዘር አይደለም። የአፑ የራሱ መስኮት ነው፤ ማገጃችሁ እዚያ የለም። በ2022 ፌሊክስ ክራውስ የተባለ ባለሙያ ቲክቶክ አይፎን ላይ በውስጡ በሚከፍታቸው ገጾች ላይ የምንነካቸውን ፊደላት ሁሉ መከታተል የሚችል ኮድ እንደሚጨምር አሳይቷል። ቲክቶክ ኮዱ መኖሩን አምኖ ለክትትል እንደማይጠቀምበት ተናገረ።

የ2025ቱ ደግሞ ይብሳል። የስፔን፣ የኔዘርላንድና የቤልጂየም ተመራማሪዎች በሰኔ ወር ያወጡት ነው። አንድሮይድ ላይ የፌስቡክና የኢንስታግራም አፖች ከኋላ ሆነው ያዳምጡ ነበር። እናንተ በብራውዘር የሁለቱ አፖች ባለቤት የሆነው የሜታ ኮድ ያለበት ገጽ ስትከፍቱ፣ ገጹ እዚያው ስልኩ ውስጥ ለውስጥ ለአፑ መለያችሁን ያቀብለዋል። አፑ ስማችሁን ያውቃል። ኩኪ ብታጠፉም፣ ኢንኮግኒቶ ብትከፍቱም ዋጋ የለውም ነበር። ጉዳዩ ይፋ በወጣበት ቀን ሜታ አቆመው። ብሬቭ ግን ገጾች ከስልኩ ውስጥ ጋር እንዲህ እንዳይነጋገሩ አስቀድሞ ዘግቶ ስለነበር ተጠቃሚዎቹ አልተነኩም። ከዚያ ወዲህ የፌስቡክን አፕ ከስልኬ አውጥቼ በብራውዘር ብቻ እገባለሁ።

ቴሌግራም ላይ መፍትሔው ቀላል ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገጽ በአፑ ውስጥ የሚከፍተውን አጥፉት፤ ሊንኩ በቀጥታ ወደ መረጣችሁት ብራውዘር ይሄዳል። ፌስቡክ ላይ ገጹ ከተከፈተ በኋላ ሦስቱን ነጥብ ነክታችሁ «በብራውዘር ክፈት» በሉት።

ስልክና ላፕቶፕ ለምትጠቀሙ ሲንክ የሚባለው ነገር አለ። ስልክ ላይ ያስቀመጣችሁትን ፓስወርድና ገጽ ላፕቶፑ ላይ ታገኙታላችሁ። ስልክ በሚሰረቅበት ከተማ ይህ ቅንጦት አይደለም። ልዩነቱ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ነው። ፋየርፎክስ መረጃችሁን ስልካችሁ ላይ ቆልፎ ነው የሚልከው፤ ሞዚላ ሊከፍተው አይችልም። ፓስወርዱን ከረሳችሁና የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ካላወጣችሁ ግን መረጃው ጠፋ ማለት ነው። ቁልፉን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡት። ብሬቭ አካውንት አይጠይቅም፤ በረጅም የቃላት ዝርዝር ወይም ኪውአር ኮድ በማንሳት ሁለቱን ያገናኛል። ክሮም ላይ የራሳችሁን የሲንክ ቁልፍ ካላስገባችሁ ታሪካችሁን ጉግል ማንበብ ይችላል።

ላፕቶፕ የሌላችሁ ደግሞ ኮምፒውተራችሁ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ነው። ባለፈው ወር ሰነድ ላትም ገብቼ የኢሜይል ሳጥኑን ስነካ የሰዎች አድራሻ ተደርድሮ መጣ። አንዱ ሰው ጭራሽ አልወጣም፤ ኢሜይሉ ፊቴ ተከፍቶ ነበር። አስወጣሁለት። እዚያ ስትገቡ ክሮም ላይ «ጌስት» የሚለውን መስኮት ክፈቱ፤ ስትዘጉት ሁሉም ይጠፋል። እንዲያውም ሰነዱን በፍላሽ ይዞ መሄድ ይሻላል።

ክሮምን ከስልካችሁ አጥፉ አልልም። እንግሊዝኛ ገጽን ወደ አማርኛ መመለስ ሲያስፈልግ እኔም እከፍተዋለሁ፤ የጉግል ትርጉም አማርኛን ከ2016 ጀምሮ ያውቃል። ገጹ ወደ ጉግል ሄዶ እንደሚተረጎም አውቃችሁ፣ የግል ደብዳቤ አታስተርጉሙበት እንጂ። እኔ ሥራውን ከፋፍዬዋለሁ። ባንክና ቅጽ በክሮም፣ ማንበብና መፈለግ በፋየርፎክስ።

አክስቴ ስልክ ላይ ብሬቭን ጫንኩና የመጀመሪያ ብራውዘር አደረግኩት። ክሮም ውስጥ ገብቼ ኖቲፊኬሽን የፈቀደችላቸውን ገጾች ዝርዝር ሳይ ብዙ ናቸው። ሎተሪ ደረሰሽ የሚላት ሁሉ ከዚያ ነበር የሚመጣው። አንድ በአንድ ዘጋኋቸው። ቫይረስ አለበት ያላት ገጽም አንዱ ሆኖ ተገኘ።

«ይሄ አንበሳው ነው እንግዲህ?» አለች የብሬቭን ምልክት እያየች።

«አዎ፣ ዜና በአንበሳው ነው የምታነቢው።»

ረቡዕ ማታ ደወለች። ፌስቡክ ላይ የተላከላትን ሊንክ ስትከፍት ያ ጫማ እንደገና መጥቶባት ነው። አፑ ውስጥ እንደከፈተችው ገባኝ። ሦስቱ ነጥቦች የት እንዳሉ በስልክ አስረዳኋት። ቀኝ በኩል፣ ከላይ። አላገኘቻቸውም። እሁድ ስሄድ አሳያታለሁ።